ማሽን በየት እግሩ ይሮጣል?

«ራን ማለት ሮጠ ማለት ነው።» ከታች ክፍል ጀምሮ የያዝነው ይሄንን ነው። ውሸት አይደለም። ግን ኮምቦልቻ ጋርመንት ፋብሪካ ውስጥ የዋለ ሰው ይህን የእንግሊዝኛ ቃል ከጠዋት እስከ ማታ ይሰማል፤ የሚሮጥ ሰው ግን አያይም። ማሽኑ «ራን» ያደርጋል። ክሩ «ራን» ያደርጋል። ቀለሙ «ራን» ያደርጋል። ስፌቱም እንደዚያው። ከእነዚህ ሁሉ እግር ያለው የለም።

እኔ የስፌት ላይን ኳሊቲ ነኝ፤ በተርታ ከተደረደሩት ማሽኖች የሚወጣውን ስፌት ጥራት አያለሁ። ተወልጄ ያደግሁት ደሴ ነው፤ አሁን የምሠራውም የምኖረውም ኮምቦልቻ ነው። ከሥራ ስንወጣ ሰርቪስ እስኪመጣ ድረስ ለአዳዲስ ኦፕሬተሮች፣ ማሽን ላይ ለሚሰፉት ልጆች፣ እንግሊዝኛ አስረዳለሁ። ትምህርት ቤት አይደለም፤ ጥቁር ሰሌዳም የለንም። ግድግዳው ጥግ ተቀምጠን፣ ቀን ላይን ላይ የሰማነውን ቃል እያነሳን እንነጋገራለን። ልጆቹ ከቃሉ ወረዳ፣ ከሐይቅ፣ ከወረባቦ፣ ከደሴ ዙሪያ የመጡ ናቸው። ብዙዎቹ ትምህርታቸውን በደንብ የተማሩ ልጆች ናቸው። ግን ሁሉም ማለት ይቻላል «እትዬ፣ እኔ እንግሊዝኛ አልችልም» ብለው ነው የሚጀምሩት።

ይችላሉ። የጎደላቸው ሌላ ነገር ነው። አንድ ቃል አንድ ትርጉም ብቻ አለው ተብለው ነው ያደጉት።

አንድ ቀን አንዲት አዲስ ልጅ ማሽኗ ላይ ተቀምጣለች። የውጭ አገር ቴክኒሽያኑ መጣና «ኢዝ ኢት ራኒንግ?» አላት። ማሽኑ ይሠራል ወይ ማለቱ ነው። ዝም አለች። ደግሞ ጠየቃት። አሁንም ዝም። ልጅቷ ቃሉን ሳታውቀው ቀርታ አይደለም። አውቃዋለች፤ «ሮጠ» ብላ። ማን ነው የሚሮጠው ብላ ግራ ገባት። እሱ ደግሞ ዝምታዋን እንደ እልህ ቆጠረው። ፊቱ ተለወጠ፤ ለሱፐርቫይዘሯም ነገራት። እኔ ደርሼ ነገሩን እስካስረዳ ድረስ የልጅቷ ዓይን እንባ አቅርሮ ነበር።

ለዚህ ነው ይህን ቃል አክብጄ የማየው። ጎበዝ ሠራተኛ በአንድ ቃል የተነሳ እልኸኛ ተብላ ስትያዝ ማየት ያንገበግባል።

ስለዚህ መጀመሪያ የማስይዛቸው ይህንን ነው። የ«ራን» ልቡ እግር ላይ አይደለም፤ ፍሰት ላይ ነው። አንድ ነገር ሳይቆራረጥ ከቦታ ወደ ቦታ ወይም ከጊዜ ወደ ጊዜ ከሄደ እንግሊዝኛ «ራን» ይለዋል። ሰው ሲሮጥ እርምጃው ሳይቆም ይቀጥላል። ውሃ ሲፈስም ያው ነው። ማሽን ሲሠራም፣ ውል ሲጸናም፣ መንገድ ሲዘረጋም ያው ነው።

ይህን ለማስተማር እንዲመቸኝ የፈጠርኩት አይደለም። የቃሉ የዘር ሐረግ ራሱ ይናገራል። በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ሪናን» የሚል ግስ ነበር፤ ለሚሮጥ ሰውም ለሚፈስ ውሃም ያገለግል ነበር። የጀርመንኛ ዘመዶቹ ዛሬ ሥራውን ተከፋፍለውታል። «ሬነን» ሲሉ ሮጠ ነው፤ «ሪነን» ሲሉ ፈሰሰ ነው። እንግሊዝኛው ግን ሁለቱንም በአንድ አፍ ይዞ ቀጠለ።

ሌላም ነገር ተከተለ። በዚያው በጥንቱ እንግሊዝኛ «ሮጠ» እና «አስሮጠ» የተለያዩ ግሶች ነበሩ። በጊዜ ብዛት ተዋሃዱና አንድ ሆኑ። ለእኛ ልጆች ትልቁ እንቅፋት ያለው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። አማርኛ ማን እንደሚያደርግና ማን እንደሚያስደርግ ግሱ ላይ ያሳያል። ማሽኑ ይሠራል፤ ልጅቷ ታሠራዋለች። ሮጠ፣ አስሮጠ። ፈሰሰ፣ አፈሰሰ። እንግሊዝኛ «ራን» ላይ ምንም አይጨምርም። «ዘ ማሺን ራንስ» ሲል ማሽኑ ይሠራል ነው። «ሺ ራንስ ዘ ማሺን» ሲል ማሽኑን ታሠራዋለች ነው። ግሱ ያው ነው፤ የተለወጠው የቃላቱ ተራ ብቻ ነው። ከግሱ በኋላ ስም ከመጣ፣ ብዙ ጊዜ «አስ» ወይም «አ» ጨምራችሁ ተርጉሙት። «ሺ ራንስ ኤ ሾፕ» ሱቅ ታሠራለች፣ ወይም ሱቅ አላት ነው። «ሂ ራንስ ዘ ፋክተሪ» ፋብሪካውን ያስተዳድራል ነው። ይህ አንድ ነገር የገባት ልጅ ግማሹን መንገድ ተሻግራለች።

የቃሉን ስፋት ለማወቅ የፈለገ የኦክስፎርድን ትልቁን የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ታሪክ ይመልከት። የመጀመሪያው ክፍል የታተመው በ1884 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሥራው ያለቀው በ1928 ነው። በ1989 በ20 ቅጽ ሁለተኛው እትም ሲወጣ ከሁሉም ረጅሙን ቦታ የያዘው፣ ማስቀመጥን ጨምሮ ብዙ ትርጉም ያለውና በእኛ ፊደል «ሴት» ተብሎ የሚጻፈው ግስ ነበር። ለሦስተኛው እትም ቃላቱ እንደገና ሲታዩ ግን «ራን» ቀደመው። ግሱ ብቻ 645 ትርጉም ተቆጠረለት። አንድ አዘጋጅ ይህን አንድ ቃል ለመጨረስ 9 ወር ያህል ፈጅቶበታል። ቃሉን እንዲህ ካሰፉት ነገሮች አንዱ ማሽን ነው። ሞተር መጣ፣ ባቡር መጣ፣ ፋብሪካ መጣ፣ ኮምፒውተር መጣ። ለእያንዳንዱ አዲስ ግስ አልተፈጠረም፤ «ራን» ተሰጠው።

እንግዲህ ለ645 ትርጉም «ሮጠ» የምትል አንዲት የአማርኛ ቃል ይዛ የምትገባ ልጅ ግራ ቢገባት ምን ይገርማል?

ወደ ላይናችን ልመለስ፤ እኔ በጣም የምወደው እዚያ ያለው ነው።

«ራን አውት» ማለት አለቀ ነው። «ዘ ትሬድ ራን አውት» ክሩ አለቀ። «ዊ ራን አውት ኦፍ ትሬድ» ክር አለቀብን። እዚህ ላይ አማርኛችን እንዴት እንደሚረዳ ተመልከቱ። «ብን» የምትለዋ ቅጥያ የምትሠራውን፣ እንግሊዝኛ ባለቤቱን ወደ ፊት አምጥቶና «ኦፍ» ጨምሮ ይሠራዋል። ልጆቹ «አለቀ» እና «አለቀብን» ብዬ ሳስቀምጥላቸው ወዲያው ይይዙታል። ከዚህ የሚቀድም ደግሞ አለ፤ «ዊ አር ራኒንግ ሎው» ሊያልቅብን ነው። ላይን ላይ ይሄኛው ወርቅ ነው። ክር ካለቀ በኋላ መናገር ላይኑን ያቆማል፤ ሊያልቅ ሲል መናገር ያድናል። የሰዓት ታርጌት ያለበት ሰው ይህን ያውቃል።

«ፓይለት ራን» የሚባልም አለ። ትእዛዙ ሙሉ በሙሉ ከመጀመሩ በፊት ጥቂት ልብስ ሰፍተን፣ መጠኑንም ስፌቱንም የምናይበት ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ዋናው ምርት «ፕሮዳክሽን ራን» ይባላል። እዚህ «ራን» ስም ሆኗል፤ አንድ ዙር ሥራ እንደማለት ነው። «ራን ኦፍ» ደግሞ ጉድለት ነው። ስፌቱ ከጨርቁ ጠርዝ ወጥቶ ባዶ ላይ ሲሄድ ነው። ይሄ ሲገጥመኝ ቀይ ምልክት አደርግበታለሁ።

ቀለም ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። «ዘ ከለር ራንስ» ስል አንዷ ልጅ «ወዴት ነው የሚሮጠው?» አለችኝ። ቅን ጥያቄ ነው። ቀይ ልብስ ከነጭ ነጠላ ጋር ቢዘፈዘፍ ምን ይሆናል አልኳት። «ይለቃል!» አለች፤ አፍታም አልፈጀባትም። በቃ እሱ ነው። ቀለሙ ከነበረበት ክር ወጥቶ በውሃው ውስጥ ይፈስና ሌላው ላይ ያርፋል። እናቶቻችን ይህን ለማወቅ ላብራቶሪ አላስፈለጋቸውም። ፋብሪካ ግን በቁጥር ማስቀመጥ አለበት። ባለቀለሙ ጨርቅ ከነጭ ጨርቅ ጋር ይሰፋና በተወሰነ ሙቀት ይታጠባል። ከዚያ ነጩ ምን ያህል እንደተበከለ ከግራጫ መለኪያ ጋር ተያይቶ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይሰጠዋል። 5 ማለት ምንም አልለቀቀም ነው፤ 1 ማለት ክፉኛ ለቋል ነው። ነጭ ቲሸርት ላይ ጥቁር አንገትጌ ያለበት ትእዛዝ ሲመጣ ይህ ቁጥር እንቅልፍ ይነሳል።

አሁን «ለቀቀ» የሚለውን የራሳችንን ቃል እዩት። ቀለም ለቀቀ። ቤት ለቀቀ። ሥራ ለቀቀ። ውሃ ለቀቁ። ዘፋኙ አዲስ ዘፈን ለቀቀ። ትኩሳቱ ለቀቃት። አንድ የውጭ ሰው «ለቀቀ ማለት ተወ ማለት ነው» ተብሎ ቢማር፣ ቀለሙ ማንን እንደተወ ሲያስብ ይውል ነበር። «ገባ»ም እንዲሁ ነው። ክረምት ገባ። ፀሐይ ገባች። ቃል ገባ። ሥራ ገባች። ነገሩ ገባኝ። ግራ ገባኝ። አንድ ሕፃን እነዚህን ሁሉ ማንም ሳያስተምረው ለይቶ ይናገራል። «ገባ»ን ብቻዋን ስላልሰማት ነው። ከክረምት ጋር፣ ከቃል ጋር፣ ከግራ ጋር እያደረገ ነው የሰማት። አማርኛን እንዲህ ለይታ የምትናገር ልጅ «እኔ ቋንቋ አይገባኝም» ስትል እኔ አልቀበልም። «አብሽሪ፣ ይሄን ሥራ በአማርኛ ስትሠሪው ኖረሻል» ነው የምላት።

ሹራብና ታይት የሚያውቅ ሰው ሌላ «ራን» ያውቃል። በክር ቀለበት የተሠራ ጨርቅ ላይ አንዷ ቀለበት ከተበጠሰች ሌሎቹ ተከታትለው ይፈታሉ፤ ጨርቁ በመስመር ይተረተራል። አሜሪካኖች ያንን መስመር «ራን» ይሉታል። እንግሊዞች «ላደር» ይሉታል፤ መሰላል ማለት ነው። የትእዛዙ ወረቀት ከየት አገር እንደመጣ ማየት ያለብን በዚህም ምክንያት ነው።

የእጅ ስፌትም አለው። መርፌው ገባ ወጣ፣ ገባ ወጣ እያለ በቀጥታ የሚሄደው ቀላሉ ስፌት «ራኒንግ ስቲች» ይባላል። እናቴ ደሴ ውስጥ በዚህ ስፌት የስንቱን ቀሚስ ጠርዝ ይዛለች። እሷ ከአክስቷ ተማረች፤ እኔ ከእሷ። እንግሊዝኛ ለዚህም «ኢት ራንስ ኢን ዘ ፋሚሊ» ይላል፤ በቤተሰቡ ውስጥ ከትውልድ ትውልድ የሚወርድ ነገር ነው። አማርኛም «ወረደ» ይላል፤ ከእናት ወደ ልጅ ይወርዳል። ሁለቱም ቋንቋዎች ውሃውን አልረሱትም።

ከግቢው ስንወጣ ደግሞ ቃሉ መንገድ ላይ ይጠብቀናል። ቦርከና ከደሴ በኩል ወርዶ ኮምቦልቻን አቋርጦ ይሄዳል፤ «ዘ ሪቨር ራንስ»። የሀረጎ መንገድ ተጠማዞ ተጠማዞ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል፤ «ዘ ሮድ ራንስ»። መንገዱ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። የሚሄደው ዓይናችን ነው። ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ሀራ ገበያ የተዘረጋው የባቡር ሐዲድም «ራንስ» ይባላል። ሐዲዱ አገር ለአገር ስለተዘረጋ ብቻ ይበቃዋል። «ትሬንስ ራን» ሲባል ግን ባቡሮቹ ይመላለሳሉ፣ አገልግሎት ይሰጣሉ ማለት ነው። ሐዲዱ «ራን» ስላደረገ ባቡሩም «ራን» ያደርጋል ማለት አይደለም። «ዘ ባስ ራንስ ኤቭሪ አወር» ሲባልም አውቶቡሱ ፈጣን ነው ማለት አይደለም፤ በየሰዓቱ አለ ማለት ነው። ይሄ ሰርቪስ ጠባቂዎችን በቀጥታ ስለሚነካ አይረሱትም።

የደሴ ብርድ ያገኛት ልጅ አፍንጫዋ ይፈሳል። «ማይ ኖዝ ኢዝ ራኒንግ» ማለት አለባት። ፈቃድ ስትጠይቅ ይጠቅማታል። ትኩሳት ካላትም «አይም ራኒንግ ኤ ፊቨር» ነው። አምስት ቀን በተከታታይ ካመማት «ፋይቭ ዴይስ ራኒንግ» ትላለች። ሰንሰለቱ ሳይበጠስ የሄደ ነገር ነው፤ ያው ፍሰት ነው።

አሁን ወደ ትንንሾቹ ቃላት። ዋናውን ትርጉም ብዙ ጊዜ የሚይዙት እነሱ ናቸው። «አይ ራን ኢንቱ ሄር አት ፒያሳ» ማለት ፒያሳ ላይ በአጋጣሚ አገኘኋት ነው። ለመኪና ከሆነ ግን «ራን ኢንቱ» ተጋጨ ይሆናል። «ራን ኦቨር» ገጨ፣ ላዩ ላይ ሄደ ነው። እነዚህን ማደባለቅ ሰው ያስደነግጣል፤ ስለዚህ ጎን ለጎን አስቀምጬ ነው የማስተምራቸው። «ራን ዳውን» ባትሪ ሲደክም ነው፤ ሰውም በሥራ ብዛት ሲዝል ይባላል። «ራን ስሩ» ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቶሎ ማየት ነው። «ራን ሌት» መዘግየት ነው። እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም፤ በየቀኑ ሲሰሙት ይለምዱታል።

አንድ የድምፅ ነገርም አለ። የአሁኑ «ራን» እና ያለፈው «ራን» በእንግሊዝኛ አናባቢያቸው ይለያል። በእኛ አፍም በእኛ ፊደልም አንድ ይሆናሉ። ልጆቹ ልዩነቱን በጆሯቸው ካልያዙት፣ ጊዜውን በሌላ ቃል እንዲያሳዩ እመክራለሁ። «የስተርደይ» ይጨምሩበት። ሰሚውም አይሳሳትም፤ እነሱም አይጨነቁም።

ፖለቲካ ላይም አለ። ለምርጫ መወዳደር በአሜሪካ እንግሊዝኛ «ራን ፎር» ነው። በእንግሊዞቹ «ስታንድ ፎር» ነው። አንዱ ይሮጣል፤ ሌላው ይቆማል። ሥራው ግን አንድ ነው።

ከሁሉ ለይቼ ልጆቹ እንዲይዙት የምፈልገው ግን «ራን ባይ» ነው። «ካን አይ ራን ሳምቲንግ ባይ ዩ?» ማለት አንድ ሐሳብ ላቅርብልዎትና አስተያየትዎን ይንገሩኝ ማለት ነው። ክስ አይደለም፤ ልመናም አይደለም። ከአለቃ ጋር ተከብሮና አክብሮ መነጋገሪያ ነው። ኦፕሬተር ማሽኗን ከማንም በላይ ታውቃለች። ክሩ የት ላይ እንደሚያዝ፣ ጨርቁ የት ላይ እንደሚታጠፍ የምታየው እሷ ናት። የምትናገርበት በር ካላገኘች ግን እውቀቷ እጇ ላይ ይቀራል። ያቺ እንባ ያቀረረችው ልጅ በቅርቡ ይህንን ዓረፍተ ነገር ተለማምዳ ለቴክኒሽያኑ አለችው። ያሳየችው የባንድሉን፣ ተቆርጦ የታሰረው ጨርቅ የሚቀመጥበትን፣ ሳጥን አቀማመጥ ነው፤ በግራ በኩል ቢሆን ለእጅ ይቀርባል አለችው። እሱም ጎንበስ ብሎ አየና ሳጥኑን ራሱ አዞረው። አሁን ያ ረድፍ በሙሉ በግራ ነው የሚያስቀምጠው።

ሌላ ቦታ የምታስተምሩ ካላችሁ፣ የእኔን ተራ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ማሽኑን አስይዙ፤ «ይሠራል» እና «ታሠራዋለች»። ቀጥሎ «አለቀ»፣ «አለቀብን»፣ «ሊያልቅብን ነው»። ከዚያ የሚፈሱትን ሁሉ በአንድ ላይ፤ ውሃ፣ አፍንጫ፣ ቀለም። መንገድና ሐዲድ ከእነሱ በኋላ ይምጣ። ትንንሾቹን ቃላት ሁለት ሁለት እያደረጋችሁ ስጡ እንጂ በዝርዝር አታሸክሟቸው። ክሪኬት በሚባለው የዱላና የኳስ ጨዋታ ላይ ያለው «ራን» የነጥብ ስም ነው። የውጭ ባለሙያዎቹ በእረፍት ሰዓት ስለ ክሪኬት ሲያወሩ ካልሰሙት በስተቀር መጨረሻ ላይ ቢቆይ ምንም አይደለም።